ለዕረፍት የመረጥንላት ወንበር

ልጃችን ስድስተኛ ክፍልን ስትጨርስ አዲስ አበባ ወስደን የልጆች መጫወቻ ቦታ እንደምናሳያት ቃል የገባላት አባቷ ነው። ያን ዕለት ተረኛ ስለነበርኩ ቃሉ ሲገባ ቤት አልነበርኩም። ከሥራ ስመለስ ሁለቱም በረንዳ ላይ ተቀምጠው ፊታቸው ፈክቶ ጠበቁኝ። ባለቤቴ እህቱ የላከችለትን ደብዳቤ አነበበልኝ። አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፤ ከቤቷ ብዙም በማይርቅ ቦታ ዥዋዥዌ፣ ትንንሽ መኪናዎችና ወንበሮች የተንጠለጠሉበት ትልቅ የሚዞር ጎማ ያለው መጫወቻ እንዳለ፣ ክረምቱን መጥተን ልጅቱን እንድናዝናናት ጽፋለች። ልጃችን ደብዳቤውን ከእጁ ተቀብላ ስለ ጎማው የተጻፈውን መስመር ለራሷ ደግማ አነበበችው። እኔ ወዲያው ያሰብኩት ስለ እግሯ ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይሞላት ልምሻ ያዛት። እኔ ነርስ ነኝ። በዚያን ጊዜ ደጋ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ክትባት የምናስቀምጥበት በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበረን። ላምባው አልቆ ክትባቱ ተበላሸ፤ ሌላ እስኪመጣ ወራት አለፉ። ልጆቻቸውን አዝለው የመጡትን እናቶች በሚቀጥለው ወር ተመለሱ እያልኩ ስሸኝ የራሴንም ልጅ ከእነሱ ጋር ነበር የመለስኳት። ትኩሳቱ ሲለቃት ቀኝ እግሯ ጨርሶ ሰለለ፤ ግራው በግማሽ ቀረላት። ይህን ለባለቤቴ አንድ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም።

ወደ ጋምቤላ ስንዛወር አራት ዓመቷ ነበር። ይህ በሆነበት ክረምት አሥራ ሁለት ሞልቷት ነበር፤ ክልሉም ክልል ከሆነ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ የድሮው ታፔላ እየተነቀለ በአዲስ ይተካ ነበር። ባለቤቴ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ትንንሾቹ በየቋንቋቸው ሊማሩ ነው ተብሎ ስብሰባ በስብሰባ ሆኗል። ከደጋ የመጣነው ሠራተኞች እንቀር እንደሆነ፣ እንዛወር እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም። እንግዲህ አንድ ክረምት ከዚህ ሁሉ ወጣ ብለን መተንፈሱ ለእኛም መልካም ነው ብለን ተነሳን።

ቤታችን ኒውላንድ በሚባለው የከተማው ሰፈር ነበር። ልጃችን ቤት ውስጥ የምትሄደው ግድግዳ እየያዘች፣ ቀኝ ጉልበቷን በመዳፏ ወደ ኋላ እየገፋች ነው። ትምህርት ቤት አባቷ በብስክሌቱ አፈናጦ ያደርሳታል። ጭቃ በሆነ ቀን ደግሞ ያዝላታል። እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ ይህ አልከበደንም። አሥራ ሁለት በሞላት ዓመት ግን ቁመቷ ተመዝዞ እግሮቿ ከጀርባው ላይ እስከ ጉልበቱ ይወርዱ ነበር፤ እሷም ተማሪዎቹ ሲያዩዋት ፊቷን ትከሻው ውስጥ መቅበር ጀምራ ነበር። በአዲስ አበባ መንገድ፣ ሕዝብ በሚርመሰመስበት መጫወቻ ውስጥ ታዝላ ልትዞር አትችልም። የምትሄድበት ነገር ያስፈልጋታል።

የትኛው ነገር እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ነርስ መሆኔ ምንም አልጠቀመኝም። ስለ ወባ፣ ስለ ምጥ፣ ስለ ተቅማጥ ቢጠይቁኝ እናገራለሁ፤ የሰለለ እግር በምን እንደሚደገፍ ግን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ስድስት ዓመቷ ሳለ ደጋ ወስደን ከወገቧ በታች የሚታሰር ከጫማ ጋር የተያያዘ ብረት አሠርተንላት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ጠበባት፤ ብረቱ ቆዳዋን እየላጠ ስላስቸገራት አወለቅነው። አብሮኝ የሚሠራውን ሐኪም ብጠይቀው ለእሷ የተመቻት ነገር ጥሩ ነው አለኝ። ትክክል ነው፤ ግን የሚመቻትን ለማወቅ ዕቃው መኖር አለበት። ከዕቃ ግምጃ ቤት ያገኘሁት የአዋቂ የብረት ክራንች ብቻ ነበር። በመጨረሻው ቀዳዳ አሳጥሬው እንኳ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ይሰቅለዋል።

በገበያው አቅራቢያ በእጅ እየተዘወረ የሚሄድ ባለሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ያለው እግረ ሽባ ሰው ነበር። ባለቤቴ ሄዶ አናገረው። ሰውየው ደግ ነው፤ ልጅቱን አስቀምጦ እስኪደክማት አስነዳት። በደስታ ላብ አጥምቋት ተመለሰች። ግን ያ ነገር የአንድ ትንሽ ጋሪ ያህል ነው፤ የትኛውም አውቶቡስ አይጭነውም። እሱም እግሬ ነው፣ አላውስም አለ። እንዴት ይወቀሳል።

ከዚያ በኋላ ነው ባሮ ዳር ታንኳ የሚጠርበውን አኙዋ ሽማግሌ ያሰብኩት። የልጅ ልጁ ወባ ይዞት ሳክመው ተዋውቀናል። በአንድ ቅዳሜ ሦስታችንም ወንዙ ዳር ወረድን፤ ባለቤቴ ብስክሌቱን እየገፋ፣ እሷ ከኋላ ተፈናጣ። ሽማግሌው ግማሹ የተፈለፈለ ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር። የምንፈልገውን እኔ ነገርኩት፤ ቁመቷን በሜትር ለክቼ በወረቀት ይዤ ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ አጠገቡ አስቀመጠውና ወደ ልጅቱ ዞረ።

«አንቺ፣ የት ነው የምትሄጂ?» አላት።

«አዲስ አበባ። ትልቅ ጎማ አለ፤ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ይወጣል።»

ትንሽ አሰበ። «ጎማው ላይ ስትወጪ እንጨቱን ማን ይይዛል?»

እሷም አሰበች። «አባዬ ይይዝልኛል።»

«እንግዲያው ቀላል አደርገዋለሁ» አላት።

ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው እንጂ፣ በዚያ ሁሉ ሰሞን እሷን ራሷን የጠየቃት እሱ ብቻ ነው። እኛ ስለ እሷ እርስ በርሳችን ነበር የምንነጋገረው።

በሳምንቱ ሁለት ክራንች ሠርቶ ጠበቀን። እንጨቱ ቢጫ፣ ልስልስ ብሎ የተላገ ነው፤ ብብቷ የሚያርፍበትን ጨርቅ ጠቅልሎበታል፤ የእጅ መያዣውን በእሷ መዳፍ ልክ ጎድጎድ አድርጎታል። ከግንዱ ላይ ተነስታ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ለመግለጽ የሚያስቸግረኝ ነገር ፊቷ ላይ አየሁ። ግድግዳ ሳትይዝ፣ ጉልበቷን ሳትገፋ፣ ቀጥ ብላ በአባቷ ደረት ቁመት ቆማ ወንዙን አየች። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ቀና ብለው አይተዋት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ያ ነው ደስ ያሰኛት መሰለኝ፤ አይተዋት መመለሳቸው።

በቀጣዮቹ ቀናት ከግቢያችን እስከ ጎረቤት ማንጎ ዛፍ ድረስ ስትመላለስ ትውላለች። በአራተኛው ቀን ብብቷ ተላጠ፤ የእጇ አንጓ አበጠ። በሰባተኛው ቀን ዝናብ ጥሎ አቁሞ ነበር። ከቤት ስወጣ በሩ አጠገብ ጭቃ ላይ በግንባሯ ተደፍታ አገኘኋት። ክራንቹ አዳልጧት ነው። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም በአገጯ ላይ ይወርዳል። ላነሳት ስሮጥ «ተዪኝ፣ ራሴ እነሳለሁ» አለች። አልተውኳትም። አቅፌ አስገባኋት፤ ከንፈሯንም ሰፋሁት። በሥራዬ ስንት ሰው ሰፍቻለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ጎረቤታችን ይህን ሁሉ ታይ ነበር። ኑዌር ናት፤ ባሏ በአንድ ቢሮ ዘበኛ ነው፤ እሷ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራንን ትመራለች። ግማሽ ቤተሰቧ ከሱዳን ተሰድዶ ፑኝዶ መጠለያ ውስጥ ይኖራል። የልጄን ከንፈር በሰፋሁ በማግሥቱ መጥታ በራችን ላይ ቆመች።

«ሲስተር፣ ወንበር አለ» አለችኝ። «ባለ ጎማ። ፑኝዶ ነው፣ የወንድሜ ነው። እሱ ባለፈው ዓመት ሞተ። ወንበሩ ዝም ብሎ ቆሟል።»

ወንድሟ ጦርነት ላይ ሁለት እግሩን አጥቶ ነበር። ወንበሩን ከመጠለያው ከሚረዱ ሰዎች ነው ያገኘው። ለእኛ ለዕረፍቱ ያህል ልታውሰን ፈለገች። በመኪና ላይ ተጭኖ ሲመጣ ግቢያችን ውስጥ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ጥቁር መቀመጫ፣ ሁለት ትልልቅ ጎማ ከኋላ፣ ሁለት ትንንሽ ከፊት ያለው፣ የአዋቂ ወንበር ነው። ልጃችን ስትቀመጥበት በሁለቱም ጎን የእጅ ስፋት ያህል ክፍት ቀረ፤ እግሯ ማሳረፊያው ላይ አይደርስም። ከጥጥ ትራስ ሰፋሁለት። ለእግሯ ባለቤቴ ሳንቃ ቀጠለበት። እጇ ትልልቆቹን ጎማዎች ለመግፋት ስለሚያጥር ካልገፋናት መንቀሳቀስ አትችልም። ልጃችን ጎረቤታችንን አመሰገነቻት፤ እንደተማረችው ጎንበስ ብላ።

ለመሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን ከምሳ በኋላ ነገሩን አነሳን። ባለቤቴ ክራንቹንም ወንበሩንም እንውሰድ አለ። እኔ እምቢ አልኩ። በአውቶቡስ ውስጥ ሻንጣ አለን፣ ከላይ ወንበሩ ይጫናል፣ እጃችን ሁለት ሁለት ነው አልኩ። እውነቱ ግን የዕቃው ብዛት አልነበረም። ክራንቹ ካለ በእሱ ልሂድ እንደምትል አውቅ ነበር፤ አዲስ አበባ በክረምት እንዴት እንደሚያዳልጥም አውቅ ነበር፤ ጭቃ ላይ መደፋቷም ከዓይኔ አልጠፋም።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ክራንቹን ልውሰድ። ወንበሩን ተዉት።»

«ቀኑን ሙሉ መቆም አትችዪም፣ ልጄ። ብብትሽ ገና አልዳነም።»

«ሲደክመኝ እቀመጣለሁ።»

«የት?»

ከዚያ በፊት ያንን ቦታ አይታው አታውቅም፤ እኔም አላየሁትም። ግን እሷ ዝም ስትል እኔ ያሸነፍኩ መሰለኝ። አባቷ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ሲያይ ቆይቶ እናትሽ ነርስ ናት፣ ታውቃለች አለ። እንደማላውቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያለውን ግን አላስተባበልኩም። ክራንቹን ከበር ጀርባ አቁመን ሄድን።

መንገዱ ሦስት ቀን ነበር። ወንበሩ ታጥፎ አውቶቡሱ ጣራ ላይ በገመድ ታሰረ። ከሜዳው ሙቀት ወደ ጎሬ ዳገት ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ሹራብ ከሻንጣ አወጣንላት። በመንገድ ላይ ሌሎች ተሳፋሪዎች የቡና ጆንያ አስጭነው ነበር። ሁለተኛው ቀን ማታ ጅማ ላይ ወንበሩን ስናወርድ ጆንያው ከላዩ ተጭኖት የፊት ጎማው ተጣሞ፣ የኋላው አንዱ ክብ መሆኑን ትቶ አገኘነው። ረዳቱ ይቅርታ ጠየቀን። ባለቤቴ ድንጋይ ፈልጎ ሲቀጠቅጠው አመሸ። ጎማው ዞረ፤ ግን በየዙሩ ፍሬሙን እየፋቀ ይጮኻል። የሰው ዕቃ ነው፤ የሞተ ሰው ዕቃ። ስለ እሱ ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የባለቤቴ እህት በደስታ ተቀበለችን። ቤቷ ግን ከመንገዱ በደረጃ የሚወረድበት ነበር። ወንበሩ ከላይ መንገዱ ዳር ካለ ጎረቤት ዘንድ ቀረ፤ ልጃችንም እንደገና በአባቷ ጀርባ ወጣች፣ ወረደች። ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፀሐይ ወጣች፤ አዲሱን ሰማያዊ ቀሚሷን አልብሰናት ሄድን።

የመጫወቻው በር ላይ ዘበኛው ወንበሩን አይቶ ሰፊውን በር ከፈተልን። ውስጡ ግን ጠጠር ነው። የፊት ጎማዎቹ በጠጠሩ ውስጥ ይቀበራሉ፤ ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሎ በሁለት ጎማ ነበር የሚጎትታት፤ ጀርባዋን ለምትሄድበት ሰጥታ። ልጆች ጨዋታቸውን ትተው ያዩናል። እነዚህ እንደ ባሮ ዳር ሴቶች አይተው ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። ትንንሾቹ መኪናዎች ጋ ስንደርስ የሚነዱት በእግር መርገጫ ስለሆነ አይሆንም አሉን። ዥዋዥዌው ረጅም ሰልፍ ነበረው። እሷ ለእነዚህ ግድ አልነበራትም። ወደ ጎማው ውሰዱኝ አለች።

ጎማው እንደጠበቅነው ትልቅ አልነበረም፤ ለእሷ ግን ትልቅ ነበር። ወንበሮቹ ቀይና ቢጫ ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ከላይ ሲደርሱ ይወዛወዛሉ። የሚያንቀሳቅሰው ጎልማሳ ሰው ትኬታችንን ተቀብሎ ልጅቱን አየና መለሰልን። ክፉ ሰው አልነበረም። የጎማው ወንበር ሙሉ በሙሉ አይቆምም፣ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚወጣውና የሚወረደው፣ ራሷ ካልዘለለች አንድ ነገር ቢደርስባት ተጠያቂው እኔ ነኝ አለ። ባለቤቴ እኔ አቅፌ አስገባታለሁ አለው። አይፈቀድም አለ። ባለቤቴ ከጋምቤላ ሦስት ቀን ተጉዘን መምጣታችንን ነገረው። ሰውየው አንገቱን ደፋ። አዝናለሁ አለ፤ ግን ክንዱን ከመግቢያው ላይ አላነሳም። ባለቤቴ ክፍል ውስጥ ድምፁ የሚያስተጋባ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ትኬቱን ለእኔ ሰጥቶ ወንበሯን አዞረ።

ልናልፍ ስንል ከወንበሯ የፊት ጎማዎች አንዱ ከነብሎኑ ወልቆ ጠጠሩ ላይ ወደቀ። ወንበሩ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ባለቤቴ በአጥሩ አጠገብ በድንጋይ ደግፎ አቆመውና ጎማውን ይዞ የብስክሌት ጠጋኝ ፍለጋ ወጣ። ሁለታችን ቀረን። ትኬቱ በእጄ ነው። ምን ላድርግልሽ አልኳት።

«አንቺ ውጪበት» አለችኝ። «ከላይ የሚታየውን ትነግሪኛለሽ።»

እኔ ከፍታ እፈራለሁ። ብቻዋን ትቻት መውጣትም አልፈለግኩም። ግን ከጠዋት ጀምሮ የጠየቀችው የተፈጸመላት ነገር አልነበረም። ሰውየው አንድ ጊዜ ለመዞር አምስት ደቂቃ አይሞላም አለኝ። እዚያው አጥሩ አጠገብ ከዓይኔ ሳትጠፋ ትቆያለች ብዬ ወጣሁ።

መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው የቆርቆሮ ጣራዎች፣ ከነሱም ወዲያ የባሕር ዛፍ፣ ከሥሬም በሰማያዊ ቀሚሷ ቀና ብላ የምታየኝ ልጄ። እጄን አውለበለብኩላት። አውለበለበችልኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ እኔ ያለሁበት ወንበር ጫፍ ሲደርስ ጎማው ቆመ። የሙዚቃውም ድምፅ ተቋረጠ። መብራት ጠፍቷል። ከታች ሰውየው እጁን እያነሳ ታገሡ፣ አሁን ይመጣል ይላል። ከሰሜን በኩል ደግሞ ጥቁር ደመና ጣራዎቹን እየሸፈነ ይመጣ ነበር።

ዝናቡ በአንድ ጊዜ ነው የወረደው። ሕዝቡ ልጆቹን እየጎተተ ወደ ቆርቆሮ መጠለያው ሮጠ። በትንሽ ጊዜ ውስጥ ጠጠሩ ላይ እሷ ብቻ ቀረች። ስሟን ጠራሁ። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ስለሚደበድበው ድምፄን ራሴም አልሰማሁትም። የሚገፋት ሰው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ የመጣ የለም። ምናልባት ወላጆቿ አጠገቧ ያሉ መስሏቸው ይሆናል። እሷ ሁለቱን ትልልቅ ጎማዎች ይዛ ልትገፋ ሞከረች። ሦስት ጎማ ያለው ወንበር ዞሮ ይበልጥ ዘመመ። እንደገና ሞከረች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ውኃው በፀጉሯ ላይ ሲወርድ ከላይ ይታየኛል። የያዝኩትን ብረት ለቅቄ ለመውረድ አሰብኩ። ከፊቴ ባለው ወንበር ያለች ሴት ገብቷት መሰለኝ፣ እህቴ፣ እንዳትነቃነቂ አለችኝ።

ከዚያ ልጄ ከወንበሩ ወረደች። በመጀመሪያ ግራ እግሯን አወረደች፤ ከዚያ በሁለት እጇ ቀኙን አንስታ መሬት አሳረፈችው። ልትቆም የምትይዘው ነገር ፈለገች፤ አጥሩ ሽቦ ነው። ጉልበቷ ላይ ሆነች፤ ቀጥሎም በእጆቿ። በአዲሱ ቀሚሷ፣ በጠጠሩና በጭቃው ላይ፣ እግሯን እየጎተተች ወደ መጠለያው ሄደች። አንዲት ሴት ከመጠለያው ወጥታ ልታነሳት ጎነበሰች። ልጄ እጇን አንስታ ከለከለቻት። ሴትዮዋ ምን እንደምታደርግ ጨንቋት አጠገብ አጠገቧ እየሄደች ነጠላዋን ከላይዋ ያዘችላት። መጠለያው ውስጥ ያለው ሕዝብ መንገድ ከፈተላት። ይህን ሁሉ እኔ ከላይ ሆኜ አየሁ።

መብራቱ አልመጣም። ሰዎች ጎማውን በእጃቸው እየገፉ አንድ አንድ ወንበር አወረዱን። እኔ ከመጨረሻዎቹ ነበርኩ። ስደርስላት የሴትዮዋን ነጠላ ለብሳ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። መዳፏና ጉልበቷ ተልጦ ነበር። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፤ እምቢ አላለችኝም፣ ግን እንደ እንጨት ደርቃ ጠበቀችኝ።

«ክራንቹ ቢኖር ቆሜ እሄድ ነበር» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። ለእኔ ማስረዳት እንዳለባት ነገር ነው የተናገረችው።

ባለቤቴ የተጠገነውን ጎማ በእጁ ይዞ ሲመጣ ባዶው ወንበር ዝናብ ሲመታው አየ። ወደ እኛ ሳያይ እሱን ብቻ ነበር ያየው፤ ጎማውን ጥሎ መሮጥ ጀመረ፣ ወዴት እንደሚሮጥ ግን አያውቅም ነበር። ጠርቼው ሲያየን እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠ።

የቀረውን የዕረፍት ጊዜ በእህቱ ቤት አሳለፍነው። ልጃችን ሦስት ቀን አተኮሳት። በአራተኛው ቀን ቁርስ እየበላች ከላይ ምን ይታያል አለችኝ። ስለ ጣራዎቹና ስለ ባሕር ዛፎቹ ነገርኳት። ባሮ ይታያል እንዴ ብላ ጠየቀችኝና በራሷ ጥያቄ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ጋምቤላ ስንመለስ ወንበሩን ለጎረቤታችን መለስን። የተጣመመውን አሳየኋት፤ የሆነውንም ሁሉ ነገርኳት። ጎማውን በእጇ አዙራ ፍቀቱን ሰማች። ወንድሜም ጥሎት ይወርድ ነበር፣ ይሄን ወንበር አይወደውም ነበር አለችኝ። ይህን ከመሄዳችን በፊት ብትነግረኝ ኖሮ እሰማት እንደሆነ አላውቅም።

በዓመቱ ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ የሚሰጡ ባለሙያዎች ወደ ከተማችን መጡ። ይዘናት ሄድን። የሚለካው ሰው ሲጠራት አብሬ ለመግባት ተነሳሁ። «እማዬ፣ አንቺ እዚህ ጠብቂኝ» አለችኝ። ወደ አባቷ አየሁ፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ተቀመጥኩ። በሩ ቀጭን ጣውላ ነው፤ ሰውየው ሲጠይቅ፣ እሷ ስትመልስ ይሰማኛል፤ የምትለው ግን አይለይልኝም። ረጅም ጊዜ ቆዩ። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር መሬት ላይ ወደቀ፤ ተነስቼ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ እጀታውን ሳልይዝ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ስትወጣ ለቀኝ እግሯ አዲስ ብረት፣ ለግራ እጇ አንድ አጭር ክራንች ታዝዞላት ነበር። ወንበር ይሰጥሽ ብለዋት ለሩቅ መንገድ ብቻ፣ በልኬ የተሠራ ከሆነ ብላ መልሳለች። ያ ለእሷ ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ብረቱ የሚልጣት ቀን አለ፤ የምትወድቅበት ቀን አለ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከሥራ ቦታዬ ወጥቼ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን መንገድ አያለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ገብቼ ተራ የሚጠብቀውን በሽተኛ እጠራለሁ።